«ማን አበላሸው?» ከማለታችን በፊት «የት ተበላሸ?» እንበል

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። ይህን ምሳሌ ከልጅነቱ ጀምሮ ያልሰማ ከመካከላችን አይገኝም፤ ሰምቶ የሚሠራበት ግን ጥቂት ነው። እኔም እስከ ዘንድሮው ዐቢይ ጾም ድረስ ሰምተው ከማይሠሩበት ወገን ነበርሁ። በዚህ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ ከትምህርት ቤታችን ከመሰናበቴ በፊት ይህን አስተያየት በመጽሔታችን ላይ ለማቅረብ ያነሣሣኝ፣ በቤታችን ውስጥ አንድ ትንሽ የሙዚቃ መሣሪያ ዝም በማለቱ ምክንያት የደረሰው ነገር ነው። ነገሩ ከውጭ ሲታይ የኢንተርኔት ጉዳይ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን የጠባይ ጉዳይ ሆኖ ተገኝቷል። አንባብያንም እስከ መጨረሻው አብረውኝ ከሄዱ በኋላ ይፈርዱልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አጎቴ በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ ይኖራል። ባለፈው ዓመት ለአያቴ አንድ ስፒከር ላከላት። ይህ ስፒከር ካሴት የሚጎርስ ወይም እንደ ራዲዮ ጣቢያ የሚፈለግለት አይደለም፤ ከቤቱ ዋይፋይ ጋራ ይገናኝና ሙዚቃውን ከኢንተርኔት እየተቀበለ ያሰማል። ስልክ የሚያስፈልገው «ይህን አሰማ፤ ይህን ተው» ብሎ ለማዘዝ ብቻ ነው። አያቴ ዓይንዋ ስለ ደከመ መጻሕፍትን ማንበብ ካቆመች ቆይታለች። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት በቤታችን ዘፈን አይሰማም፤ አያቴ ግን ማታ ማታ ከጸሎትዋ በኋላ የዓለሙ አጋን በገና ጥቂት ሳትሰማ አትተኛም። ስለዚህ ለሌላው ሰው ጌጥ የሆነው ስፒከር ለእርስዋ እንደ ምርኩዝ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ በገናው መቆራረጥ ጀመረ፤ ጥቂት ቆይቶም ጨርሶ ዝም አለ። ስልኩን ስንመለከት «ስፒከሩ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ አነበብን። በማግሥቱ ጧት ሲሞከር ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይሠራል፤ ሲመሽ እንደገና ይጠፋል። ራውተሩን አጥፍተን ስናበራው ለጥቂት ደቂቃ ይመለስና መልሶ ይሰወራል። አያቴ የእኛን መንደፋደፍ ከሰማች በኋላ፣ «ተዉት ልጆቼ፤ እሱም እንደኔ ሲመሽ ይደክመው ይሆናል» አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ እርስዋ ግን በዚያ ሌሊት ሳትተኛ ስትገላበጥ ሰምቻለሁ።

ከዚህ በኋላ በቤታችን ሸንጎ ተቀመጠ። አባቴ «መስመሩ ቀርፋፋ ነው» ብሎ ፈረደና ከፍ ያለ ፓኬጅ ገዛ፤ ለውጥ አልመጣም። አጎቴ በስልክ «ስፒከሩ ተበላሽቶ ይሆናል፤ ሌላ እልካለሁ» አለ። እኔ ደግሞ ከሁሉም የከፋውን ሐሳብ አመጣሁ፤ «ኢንተርኔቱን የሚጨርስብን ተከራያችን ነው» አልሁ።

ተከራያችን ከጓሮ ባለው ሰርቪስ ቤት የሚኖር፣ ቀን በእንጨት ሥራ የሚውል፣ ማታ በርቀት ትምህርት የሚማር ሰው ነው። አባቴ ቤቱን ሲያከራየው የዋይፋዩን የይለፍ ቃል በደግነት ሰጥቶታል። እኔ በእርሱ ላይ ያቀረብሁት ማስረጃ በዚያን ጊዜ በጣም ጠንካራ ይመስለኝ ነበር። አንደኛ፣ ተከራያችን ከሥራ የሚገባው ልክ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው፤ ስፒከሩም የሚጠፋው በዚያው ሰዓት ነው። ሁለተኛ፣ እኔ ማታ ለጥናት የምከፍተው አሮጌ ኮምፒዩተርም በዚያው ሰዓት ይቆራረጥብኝ ነበር። አባቴ ሲያመነታ እኔ ደጋግሜ ነገርሁት፤ በመጨረሻም የይለፍ ቃሉ እንዲለወጥ አደረግሁ። የለወጥሁትም እኔው ራሴ ነኝ።

በማግሥቱ ማታ ተከራያችን በሩን በቀስታ አንኳኩቶ፣ «ጋሼ፣ ኢንተርኔቱ እምቢ አለኝ፤ የእናንተ ደኅና ነው?» ሲል አባቴን ጠየቀው። አባቴ በሕይወቱ ውሸት የሚወድ ሰው አይደለም። ነገር ግን አፈረና «አዎን፣ ተበላሽቷል» ብሎ መለሰ። ሰውየውም አመስግኖ ሄደ። ከሁለት ቀን በኋላ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በዝናብ ርሶ፣ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ በግቢው በር ሲገባ አየሁት። ለትምህርት ቤቱ የሚልከው የቤት ሥራ ስለ ነበረበት ኢንተርኔት ፍለጋ እስከ ዋናው መንገድ በእግሩ ወርዶ ኖሯል።

ያን ዕለት ማታም ስፒከሩ ዝም ብሎ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ። የከሰስሁት ሰው ከመስመሩ ከተቆረጠ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ ጥፋቱ ግን እንደ ወትሮው በሰዓቱ መጣ። ከዚህ የበለጠ የነፃነት ማስረጃ ከወዴት ይመጣል? ከዚያም አልፎ የይለፍ ቃሉን ስንለውጥ ስፒከሩ የሚያውቀው የቀድሞውን ቃል ስለ ነበረ ጨርሶ ከቤቱ መስመር ወጥቶብን፣ እንደ አዲስ እስክናስገባው ድረስ ግማሽ ቀን ደክመን ነበር። መድኃኒት ያልነው ነገር በአንዱ በሽታ ላይ ሌላ በሽታ ጨመረ ማለት ነው። እኔም በዚያች ሌሊት ከኀፍረት ጋራ አንድ ደብተር አወጣሁና ከሥሩ ልጀምር ብዬ ቁጭ አልሁ።

የፊዚክስ መምህራችን በቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ሕግ ደጋግመው ይነግሩናል፤ «በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ያያችሁትንም ወዲያው ጻፉ» ይላሉ። ይህ ሕግ ለፈተና ብቻ የሚያገለግል ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ለቤታችን ሠራሁበት።

በመጀመሪያው ማታ የጠየቅሁት ጥያቄ «የጠፋው ለሁሉ ነው ወይስ ለአንዱ?» የሚል ነበር። ስፒከሩ ዝም ባለበት ደቂቃ የእናቴ ስልክ በዋይፋዩ ያንኑ በገና ያለ አንዳች እንከን አሰማ። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣው መስመር ደኅና ነው። ቀጥዬም ሒሳቡን ሠራሁ። የሙዚቃ አገልግሎቶች ጨምቀው የሚልኩት ጥሩ ድምፅ በሰከንድ 320 ኪሎቢት ያህል ይፈጃል፤ ያልተጨመቀ የሲዲ ድምፅ እንኳ 1,411 ኪሎቢት ነው። የቀድሞው መስመራችን በሰከንድ 10 ሜጋቢት፣ ማለትም 10,000 ኪሎቢት ነበር። ይህ በሒሳቡ ብቻ ሲታይ ለ31 ስፒከሮች በአንድ ጊዜ ይበቃል። አባቴ የጨመረው ገንዘብ እንግዲህ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደሚባለው ሆነ።

በሁለተኛው ማታ ስፒከሩን ከአያቴ ክፍል አንሥቼ ከራውተሩ አጠገብ፣ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁት። እዚያም ዝም አለ። ስለዚህ ግድግዳውም ርቀቱም ጥፋተኞች አይደሉም ብዬ ጻፍሁ።

ቅዳሜ ማታ ለቅሶ ቤት ስለ ሄድን ያመሸነው ውጭ ነው፤ አያቴ በገናዋን እንደ ሰማች አምሽታ ተኛች። እሑድ ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ፈተና ስለ ቀረበ ኮምፒዩተሬን ከፍቼ ለማጥናት ተቀመጥሁ፤ ስፒከሩም በጠራራ ፀሐይ ዝም አለ። «ሲመሽ ይጠፋል» የተባለው ነገር ስሕተት መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ፤ ነገር ግን ምክንያቱ ገና አልታየኝም ነበር።

በዚህ ጊዜ «ፒንግ» የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም በስልኬ ላይ ጫንሁ። ይህችን ፕሮግራም የጻፋት ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1983 በዲሴምበር ወር ነው። ስምዋንም ያወጣላት መርከቦች ከውኃ በታች ድምፅ ልከው ከሚመለሰው ገደል ማሚቶ ዕቃው የት እንዳለ ከሚያውቁበት መሣሪያ ድምፅ ነው። የፒንግ ሥራ ወደ አንድ አድራሻ «አለህ ወይ?» ብሎ መላክና «አለሁ» የሚለውን መልስ መጠበቅ ነው። «ማን ነህ? ምን አጠፋህ?» ብላ አትጠይቅም። የስፒከሩን አድራሻ ከራውተሩ መዝገብ ላይ አገኘሁት፤ 192.168.1.5 ይላል። ስልኬን ይዤ «አለህ ወይ?» ብዬ ብልክ «አለሁ» የሚል መልስ መጣ። ስፒከሩ ግን ዝም እንዳለ ነው። ግራ ገባኝና የስፒከሩን ገመድ ከሶኬቱ ነቀልሁት። እንደገና ብልክ አሁንም «አለሁ» አለኝ!

ከግድግዳ የተነቀለ ዕቃ እንዴት አድርጎ ይመልሳል? በእርሱ ስም ሌላ ሰው አቤት እያለ ነው ማለት ነው። የእናቴን ስልክ አየሁ፤ አድራሻው ሌላ ነው። ቴሌቪዥኑን አየሁ፤ ሌላ ነው። የታናሽ እኅቴን ስልክ አየሁ፤ ሌላ ነው። በመጨረሻ የቀረኝ የራሴ ኮምፒዩተር ነበር። ብመለከተው 192.168.1.5 ይላል። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የተባለው ለእኔ ሳይሆን አይቀርም።

የሆነውን ነገር ላላወቀ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። በቤት ውስጥ ያለ ማንኛውም የኢንተርኔት ዕቃ እንደ ቤት ቁጥር ያለ የራሱ አድራሻ አለው፤ አድራሻውም እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 የሚደርሱ አራት ቁጥሮች ናቸው። ይህን ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚያድለው ራውተሩ ነው። እኔ ግን ባለፈው መስከረም ከጓደኛዬ ጋራ ጨዋታ ለመጫወት ብዬ፣ ከአንድ ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት፣ ለኮምፒዩተሬ በገዛ እጄ 5 ቁጥርን ጽፌ ሰጥቼው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ረሳሁት። ራውተሩ ይህን አያውቅም። በጾሙ በሁለተኛው ሳምንት ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ ለሁሉም እንደ አዲስ ቁጥር ሲያድል የእኔ ኮምፒዩተር ተዘግቶ ስለ ነበር 5 ቁጥር ባዶ መሰለውና ለስፒከሩ ሰጠው። ቀን ቀን ጠብ አልነበረም። ማታ እኔ ኮምፒዩተሬን ስከፍት ግን በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ተማሪዎች በአንድ ስም የተመዘገቡ ያህል ሆነ፤ መምህሩ ስም በጠራ ቁጥር አንዴ አንዱ፣ አንዴ ሌላው አቤት ይላል፤ ደብተሩም ለተሳሳተው ሰው ይሰጣል። ስፒከሩ የጠፋውና የእኔም ኮምፒዩተር የተቆራረጠው ስለዚህ ነው። እኔ ለጥናት የምቀመጠውም ተከራያችን ከሥራ የሚገባውም ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ስለሆነ ጥፋቱ በእርሱ ላይ ተለጠፈ።

ፈውሱ ከአምስት ደቂቃ በላይ አልፈጀም። ኮምፒዩተሬ አድራሻውን ከራውተሩ እንዲቀበል አደረግሁ፤ በራውተሩም ውስጥ 5 ቁጥር ለስፒከሩ ብቻ ተይዞ እንዲቀመጥ አዘዝሁ። ያን ማታ አያቴ በገናዋን ሰማች። እነሆ እስከ ዛሬ ድረስ አልጠፋም።

ለአባቴ ሁሉንም ነገር ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «የሰውን ስም ያነሣኸው አንተ ነህ፤ ይቅርታውንም የምትጠይቀው አንተ ነህ። እኔም ስለ ዋሸሁት የምነግረው አለኝ» አለኝ። አብረን ወደ ጓሮ ሄድን። ተከራያችን ሁሉንም ከሰማ በኋላ መጀመሪያ የጠየቀው «እማማ በገናቸውን አገኙ?» ብሎ ነው። ቀጥሎም እንዲህ አለኝ፤ «እኔም እኮ በግድግዳው በኩል እሰማው ነበር። አንተ ከትምህርት ቤት ጋራ ቢሾፍቱ ሄደህ ሁለት ሌሊት ያደርህ ጊዜ ሁለቱንም ማታ ሲሰማ አምሽቷል። ብትጠይቀኝ ኖሮ እነግርህ ነበር።»

ይህ ንግግር ከማንኛውም ተግሣጽ የበለጠ ወጋኝ። ተከሳሽ ያደረግሁት ሰው ምስክር ሊሆነኝ ይችል ነበር። ቁልፉ በእርሱ እጅ ሳለ እኔ በሩን ዘጋሁበት።

እንግዲህ ዋናው አስተያየቴ ይህ ነው። አንድ ነገር ሲበላሽ አፋችን የሚቀድመው «ማን?» ለማለት ነው፤ መቅደም የነበረበት ግን «የት?» ነው። «ማን?» ብለን ስንጀምር መልሱ ሁልጊዜ ቅርብ ሆኖ ይገኛል፤ ምክንያቱም በየቤቱ ሊከሰስ የሚችል ደካማ ሰው አይታጣም፤ የቤት ሠራተኛ አለች፤ ተከራይ አለ፤ ትንሽ ወንድም አለ። «የት?» ብለን ስንጀምር ግን መንገዱን በእግራችን መሄድ ይኖርብናል፤ በመንገዱም ላይ ራሳችንን ልናገኝ እንችላለን። «የት?» ማለትን የምንሸሸው ምናልባት ስለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

መንገዱን ለመሄድ ለሚፈልግ ጓደኛዬ ደግሞ ከተማርሁት ጥቂቱን በተራ ላስቀምጥ።

አንደኛ፤ ጥፋቱ የሁሉ ነው ወይስ የአንዱ? ሁሉም ዕቃ ከተቋረጠ ከውጭው መስመር ወይም ከራውተሩ ይጀመር። አንዱ ብቻ ከተቋረጠ የውጭውን መስመር መውቀስና ፓኬጅ መጨመር ከንቱ ወጪ ነው።

ሁለተኛ፤ ስልኩና ስፒከሩ በአንድ መስመር ላይ ናቸው ወይ? ስልኩ ሳይታወቅ ከዋይፋዩ ወጥቶ በሲም ካርዱ ዳታ ላይ ሊሆን ይችላል። ብዙ ራውተሮች ለእንግዳ የተለየ ዋይፋይ አላቸው፤ አንዱ ዕቃ በእንግዳው፣ ሌላው በቤተሰቡ መስመር ከገባ ሁለቱም ኢንተርኔት እያላቸው እርስ በርሳቸው አይተያዩም። በስልክ ላይ የተከፈተ ቪፒኤንም ይህንኑ ሊያደርግ ይችላል።

ሦስተኛ፤ ስፒከሩን ከራውተሩ አጠገብ አስቀምጦ መሞከር። እዚያ ሠርቶ በቦታው እምቢ ካለ ጥፋቱ በመካከል ባለው መንገድ ላይ ነው። ዋይፋይ በ2.4 እና በ5 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ይሄዳል፤ 2.4 ግድግዳን በተሻለ ያልፋል፤ 5 ይፈጥናል፤ ነገር ግን በግድግዳ ቶሎ ይደክማል። ራውተሩን ከፍሪጅ ጀርባ ወይም ከብረት ቁም ሳጥን ውስጥ የሚደብቅ ሰው ፋኖስ አብርቶ እንቅብ የሚደፋበትን ይመስላል። ማይክሮዌቭ ምድጃም በ2.4 አካባቢ ስለሚሠራ ምግብ በሚሞቅበት ጊዜ ሙዚቃው ሊቆራረጥ ይችላል። በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ደግሞ የጎረቤቶቹ ራውተሮች ሁሉ አንድ ጠባብ መንገድ ይጋፋሉ፤ በ2.4 ላይ እርስ በርሳቸው የማይነካኩት መስመሮች 1፣ 6 እና 11 ናቸውና ከነዚህ ያነሰ ግፊያ ያለበትን መምረጥ ይጠቅማል።

አራተኛ፤ አድራሻውን መመልከት። አድራሻው በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ዕቃው ከራውተሩ ቁጥር አላገኘም ማለት ነው፤ ራሱን በራሱ ሰይሞ ተቀምጧል። ሁለት ዕቃዎች አንድ ቁጥር ከያዙ የእኛ ቤት ነገር ደርሶባቸዋል። በቤቱ ሁለት ራውተር ካለም ሁለቱም ቁጥር እያደሉ ቤቱን ለሁለት ከፍለውት እንደ ሆነ ይመርመር።

አምስተኛ፤ ከሁሉም በላይ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና ሰዓቱን መጻፍ። እኔን ያዳነኝ ብልኀቴ አይደለም፤ የእሑድ 8 ሰዓት ማስታወሻ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ፣ «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? አጥፍተህ አብራው» ይላሉ። አጥፍቶ ማብራት አንዳንድ ጊዜ እንደሚያድን አልክድም። ነገር ግን ያየነውን ሳንጽፍ ብናጠፋው ማስረጃውንም አብረን እናጠፋዋለን፤ ጥፋቱም ለዛሬ ተኝቶ ነገ ይነሣል። ሌሎች ደግሞ፣ «ለዚህ ባለሙያ አለለት» ይላሉ። እውነት ነው፤ የተቆረጠ የውጭ ገመድ ወይም የተቃጠለ ራውተር የባለሙያ ሥራ ነው። ሆኖም ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው የቱ ጋ እንደሚያመውና መቼ እንደ ጀመረው መናገር ይገባዋል። «ኢንተርኔቱ አይሠራም» ብሎ ብቻ ባለሙያ መጥራት «አሞኛል» ብሎ ዝም እንደ ማለት ነው።

«ስለ አንድ ስፒከር ይህን ያህል ማለት ይበዛል» የሚልም አይጠፋም። እኔ ግን አይመስለኝም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠቱን ሁላችንም እናውቃለን። ትምህርቱም ገንዘቡም የዘመድ ድምፅም በዚሁ መስመር ይመጣል። በበገና ላይ ጥፋቱን ፈልጎ ማግኘት ያልለመደ ተማሪ ነገ በፈተናው ወይም በሥራው ላይ መስመር ሲቋረጥበት የሚያደርገው መጮህና ሰው መክሰስ ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን የማቀርበው አሳብ ትንሽና ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። በኮምፒዩተር ትምህርት ክፍለ ጊዜ የዕቃዎቹን ስም ከመሸምደድ ጋራ በየወሩ አንድ ቀን መምህሩ ሆን ብለው አንድ ነገር ያበላሹ፤ ተማሪዎችም ደብተር ይዘው፣ አንድ በአንድ እየለወጡ፣ የት እንደ ተበላሸ ይፈልጉ። በየቤታችን ደግሞ ከራውተሩ አጠገብ አንድ ትንሽ ደብተር ትቀመጥ፤ ማንም ሰው አንድ ነገር ሲለውጥ ቀኑንና የለወጠውን ይጻፍባት። እኔ ባለፈው መስከረም «ለኮምፒዩተሬ 5 ቁጥርን ሰጠሁ» ብዬ አንድ መስመር ጽፌ ቢሆን ኖሮ አያቴ ያን ሁሉ ሌሊት ያለ በገና፣ ተከራያችንም በዝናብ ባልዋሉ ነበር።

ዛሬ በቤታችን ያቺ ደብተር አለች። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የጻፍሁት የስፒከሩን አድራሻ ነው። ከዚያ በታች አዲሱን የይለፍ ቃል ጻፍሁ፤ ያንኑም ገልብጬ በትንሽ ወረቀት ለተከራያችን በገዛ እጄ ወስጄ ሰጠሁት።